የበሬው የኋላ እግሮች

በአዝማሪነት በገባሁበት ቲያትር ላይ ሁለት ዓመት በሬ አድርገው አሠሩኝ። የተበደልኩት ይኸው ነው፤ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ሰው ሁኜ ገባሁ፣ ከብት ሁኜ ሠራሁ። ያውም ሙሉ በሬ ቢያደርጉኝ ምን ነበረበት። በሬው የሁለት ሰው ነበር፤ እኔ የኋላው ነበርኩ።

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። አርባ ሦስት ዓመት እስኪሞላኝ ፊደል የሚባል ነገር አልቆጠርኩም። አጻጻፌ አልጥም ያለው ሰው ካለ ሌላ አርባ ሦስት ዓመት ይታገሠኝ።

ቡድናችን መቀመጫው ፍኖተ ሰላም ነበር። አሥራ አንድ ሰው፣ አንድ ከበሮ፣ አንድ ኦርጋን፣ አንድ ማሲንቆ፣ ደስ ሲለው የሚጮህ ሲከፋው የሚያፏጭ የድምፅ ማጉያ። መስቀል ካለፈ ጀምሮ መንገዱን ጭቃ እስኪውጠው ድረስ ቡሬ፣ ሽንዲ፣ ገበዝ ማርያም እያልን አንዲት ሙዚቃዊ ቲያትር ይዘን እንዞራለን። ታሪኳ አጭር ናት። አንድ ገበሬ ልጁን ያለዕድሜዋ ሊድር ይነሣል፤ ለድግሱ በሬውን ገበያ አውጥቶ ይሸጣል፤ እንግዳው ተቀምጦ አዝማሪው ሲዘፍን ሙሽራይቱ ከመጋረጃ ወጥታ «ትምህርቴን» እያለች ታዜማለች፤ አባት ይጸጸታል፤ ከዚያ አማቹም አማቱም ሙሽራውም ተሰልፈው እስክስታ ይመታሉ። የሰው ቤት ጣጣ እንደዚህ በአንድ ሰዓት ተኩል የሚያልቅ ቢሆን አገር ሽማግሌ ሁሉ ሥራ ፈት ይሆን ነበር።

የሠርጉ አዝማሪ እኔ ነበርኩ። ከአባቴ የወረስኩት ሥራ ነው፤ እሱም ከአባቱ። እኩዮቼ የኔታ ፊት ተቀምጠው ሲጮኹ እኔ ከአባቴ ኋላ ከሠርግ ሠርግ ስዞር አደግሁ፤ ፊደልን ያጣሁት በዚያው ነው። ቡድኑ ውስጥ ማንበብ እንደማልችል የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጽሑፍ ሲታደል «መነጽሬን ረሳሁት» እላለሁ። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። ሙሽራይቱን የምትጫወተው ልጅ «አይ ጋሼ፣ ዛሬም ረሱት?» ብላ ድርሻዬን ጮክ ብላ ታነብልኛለች። አንዴ ከሰማሁ በቃኝ፤ የራሴን ብቻ ሳይሆን የአሥራ አንዱንም ሰው ቃል በሆዴ ይዤ ቁጭ።

የገጠር ማደሪያችን ትምህርት ቤት ነበር። ዴስክ ገጥመን እንተኛለን። ከራስጌዬ ግድግዳው ላይ ሀ ሁ ተጽፎ ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ፣ አንተዋወቅም። በጎጃም ምድር እንደ እኔ ብዙ ትምህርት ቤት ገብቶ ምንም ሳይማር የወጣ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ዳይሬክተራችን ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ልጅ ነው። ጎበዝ ነው፤ ስለጠላሁት አልዋሽበትም። ቲያትሩን የጻፈው እሱ ነው፤ የአዝማሪውን ግጥም ሳይቀር። ገና ሥራ ስንጀምር ለብቻዬ ጠርቶ፣ «ጋሼ፣ ጥበብ ማለት ዲሲፕሊን ነው። ከተጻፈው ውጭ አንድ ቃል እንዳይጨምሩብኝ» አለኝ።

«አልጨምርም» አልኩት።

አልጨመርኩምም። የጨመረው ሌላ ሰው ነው።

ነገሩ የሆነው ቡሬ ነው፣ በየካቲት፣ ከቀትር በኋላ። አንድ ነጋዴ ኢሱዙ መኪናውን ከነጄኔሬተሩ አውሶን ነበር። የመኪናውን የጎን ሳንቃ አውርደን፣ ጭነት በሚጫንበት ላይ ምንጣፍ አንጥፈን መድረክ አደረግነው። ነጋዴው ከሚስቱ ጋር ከፊት፣ ጋቢ በተነጠፈበት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሕዝቡ ግቢውን ሞልቶ አጥሩ ላይ ወጥቷል። የሠርጉ ቦታ ደረሰ። ማሲንቆዬን አነሣሁ፤ የተጻፈልኝን ሁለት ስንኝ አወረድኩ። ያኔ ከአጥሩ ላይ አንድ ድምፅ፣

«ተቀበል!»

አዝማሪ ያልሆነ ሰው እንዲገባው አንድ ነገር ልንገር። «ተቀበል» ሲባል አዝማሪ ይቀበላል። ግጥሙ የሰጪው ነው፤ አዝማሪ የሚያውሰው አፉን ነው። ማነህ፣ ለምን፣ ስለማን ብሎ አይጠይቅም። የገዛ እናቱን መርዶ ቢሰጡት እንኳ መጀመሪያ በዜማ መልሶ ነው የሚያለቅሰው። እኔ ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ ጀምሮ ስቀበል የኖርኩ ሰው ነኝ። ቲያትር ላይ መሆኔን፣ ሠርጉ የውሸት መሆኑን፣ ዲሲፕሊን የሚባለውንም፣ ሁሉንም ረሳሁት።

«ይበሉ ጌታዬ!» አልኩ።

ሰውየው ሰጠ፣ እኔም ተቀበልኩ፦

ሠርጉ ደምቋል ብለው እየሮጥኩ ብደርስ፣
ጋኑ ሥር አገኘሁ ደጋሹን ሲያለቅስ።

ግቢው ፈነዳ። እንዲያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። አጥሩ ላይ የነበሩት እርስ በርስ ተያይዘው ወደቁ። «ድገም! ድገም!» አሉ። ደገምኩ። ዳይሬክተሩ ከመኪናው ጎን ሁኖ በሁለት እጁ አንገቴን ሊያንቅ የፈለገ ይመስል አየሩን ያንቃል። ስላማረለት ነው ብዬ ሦስተኛ ጊዜ፣ ማንም ሳይለኝ፣ ድምፄን አንቀጥቅጬ ደገምኩት። እውነቱን ለመናገር ሦስተኛው ከሁሉም ያምር ነበር።

የነጋዴው ሚስት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ነጋዴው ተነሣ። «ሞተር አስነሣ!» አለው ሾፌሩን። ሾፌሩ አስነሣ። ሙሽራይቱ ቀሚሷን ሰብስባ ዘለለች፣ ሙሽራው ዘለለ፣ ከበሮው ተንከባለለ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እዘፍን ስለነበር የነቃሁት መድረኩ ከሥሬ ሲሄድ ነው። ማሲንቆዬን ላድን ስል በጀርባዬ ወረድኩ። ሕዝቡ የቲያትሩ አካል መስሎት እንደ ጉድ አጨበጨበ።

አቧራውን ሳራግፍ ከቡድኑ አንዱ አጠገቤ ደረሰ። በሬውን ከፊት ሁኖ የሚጫወተው ሰው ነው፤ ዕድሜው የእኔ፣ ምላሱ የሦስት ሰው። ከእንግዲህ «የፊቱ» እለዋለሁ።

«አንተ ሰውዬ አብደሃል?» አለኝ። «ባለፈው ጥር ልጁን ሲድር ጠላ ያለቀበት ሰውዬ እኮ ነው!»

«እኔ በምን አውቄ?»

«አገር ያውቃል!»

«አገር አልነገረኝም።»

ወደ ፍኖተ ሰላም የተመለስነው በአውቶቡስ፣ ከበሮውን ታቅፈን ነው። ማንም አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን ዳይሬክተሩ ወደ ቢሮ ጠራኝና አንድ ወረቀት ዘረጋልኝ።

«ያንብቡትና ከተስማሙ ይፈርሙ፣ ጋሼ።»

መነጽሬን ረሳሁ ልል ነበር። ግን ያን ዕለት በዚያ ሁሉ ውርደት ላይ ይህን መጨመር አቃተኝ። ወረቀቱን ተቀበልኩ። አንባቢ ሰው ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት ስለማላውቅ በሆዴ አባታችን ሆይን ሁለት ጊዜ ደግሜ ቀና አልኩ። ከዚያ ፈረምኩ። አውራ ጣት ከነካሁ ይታወቅብኛል ብዬ ቀድሜ የተለማመድኳት ፊርማ ነበረችኝ፤ የተጨነቀች ትል ትመስላለች።

«በቃ፣ ከነገ ጀምሮ በሬው ውስጥ ይገባሉ» አለኝ። የኋላው ሰው በዚያው ሰሞን ለቆ ነበር።

«እስከ መቼ?»

«ደብዳቤው ላይ አለ እኮ። አነበቡት አይደል?»

«አነበብኩት» አልኩ።

እግዜር ያሳያችሁ። ከዚህ በላይ የሚያስቅ ነገር በቲያትራችን ውስጥ አልነበረም።

በሬው የቀርከሃ አጽም ነበረው፤ ላዩ ላይ ሁለት እውነተኛ ቆዳ ተሰፍቷል፣ ቀንዱም እውነተኛ ነው። የፊቱ ሰው ቆሞ ነው የሚሄደው፤ በበሬው ጉሮሮ ቀዳዳ አለችው፣ አየር ያገኛል፣ ቆነጃጅት ያያል። የኋላው ሰው ጎንበስ ብሎ የፊቱን ሰው ቀበቶ ይይዛል። የማየው ያንኑ ቀበቶ ነው። የፊቱ ደግሞ ሽንብራ ቆሎ ይወዳል። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ሽንብራ የበላ ሰው ያውቀዋል።

ጭራውን የማወዛውዘው እኔ ነበርኩ። ወገቤ ላይ በታሰረ ገመድ ነው። ዳይሬክተሩ አንድ ቀን «ጭራው ስሜት ይጎድለዋል» አለኝ። አባቴ የሠላሳ ደብር ንግሥ ያደመቀ ሰው ነበር፤ ልጁን ጭራህ ስሜት የለውም አሉት።

ይህ ሁሉ ግን ይቻል ነበር። ያልቻልኩት ሌላ ነው። ከቡሬው ጣጣ በፊት፣ ለልምምድ ብለው ድምፄን ቀድተውት ነበር። አሁን አዝማሪውን አንድ መልከ መልካም ተወዛዋዥ ይጫወታል፤ ማሲንቆ ይዞ አፉን ይከፍታል፣ ድምፁ ከፍላሽ ነው የሚወጣው፤ የእኔ ድምፅ። እኔ ከዚያ ቆዳ ውስጥ አጎንብሼ፣ እኔ ስዘፍን እሰማለሁ። ሕዝቡ ለዚያ ልጅ ያጨበጭባል። አንዲት ሴትዮ ሽንዲ ላይ «አይ ድምፅ! ከዚህ ልጅ ጉሮሮ ማር ይፈሳል» ስትል በጆሮዬ ሰማኋት። ማር የሚፈስበት ጉሮሮ እዚያው ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ የቆዳ ሽታ ውጦ ያስላል።

የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ቦታዬን። ሌላ ሕይወት የለኝም። እርሻ አላውቅም፣ ንግድ አላውቅም። በቡድኑ ሕግ የፈረመ ሰው ከሌላ ዘንድ ዘፍኖ አይገኝም፤ ማሲንቆው በተሰቀለበት ክሩ ላላ፣ ጣቴም ለሰለሰ። አንድ ዓመት እንዲህ ከቆየሁ በሬነቱ ወደ ደሜ ይገባል ብዬ ፈራሁ።

ደብዳቤውን ለምን ሰው አላስነበብክም ትሉኝ ይሆናል። ለማን? ለጎረቤቴ ዲያቆን ብሰጠው ከቅዳሴ በፊት ደብሩ ይሰማዋል። ለሙሽራይቱ ልጅ ብሰጣት፣ ያነበብኩ መስዬ መፈረሜን ታውቃለች። ደግሞ ምን ይጠቅመኛል? ለዘለዓለም ተባርሬያለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። የራሱን ሞት መርዶ ደጋግሞ የሚያስነብብ ማን አለ?

ያስቆረጠኝ ገበዝ ማርያም ነው። እዚያ ገበሬ በሬ ያውቃል። በገበያው ትዕይንት በሬው ከሕዝቡ ኋላ ተነሥቶ በሰው መሐል ያልፋል። ሌላ ቦታ ሰዉ ስቆ ያሳልፈናል። እዚያ ግን አንድ ሽማግሌ በዱላው አስቆመን። ጭኔን ጨበጥ አደረገና፣

«የፊት እግሩ ደህና ነው» አለ አጠገቡ ላለው። «የኋላው ግን አለቀ። ቀንበር አይችልም።»

«ለሥጋስ፣ አያ?»

«ኧረ ምን ሥጋ አለው! ይኸ ባለቤቱ ክረምቱን ገለባ እንኳ ያላበላው ነው።»

«በል እንግዲህ መርቀህ አሳልፈው።»

«ምን ብዬ ልመርቀው? ቶሎ ይገላግልህ?»

ሰዉ ሳቀ። የፊቱም ሳቀ፤ ሲስቅ በሬው ከፊት ተንቀጠቀጠ፣ እኔ ከኋላ ተንቀጠቀጥኩ፣ ሕዝቡ በሬው ታመመ ብሎ ባሰበት። ቆዳው ውስጥ ሁኜ አለቀስኩ ብል አታምኑኝም። አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን የምጠርግበት እጅ አልነበረኝም፤ ሁለቱም ቀበቶ ላይ ናቸው።

ያን ክረምት ቡድኑ ሲበተን፣ ፍኖተ ሰላም የጎልማሶች ትምህርት ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት ይሰጣል ሲሉ ሰምቼ ሄድኩ። ለእውቀት ፍቅር አይደለም። የፈረደብኝ ሰው በምን ቃል እንደፈረደብኝ ላውቅ ነው፤ ዳይሬክተሩን አንጠልጥዬ ሽማግሌ ፊት ልከስሰው። ክፍሉ ውስጥ ወንድ እኔና አንድ ዘበኛ ነበርን፤ ሌሎቹ በርበሬና ሽንኩርት የሚሸጡ እናቶች ናቸው። አስተማሪዋ ልጅ እግር ናት።

«አባባ፣ ይቺ ማን ናት?» አለችኝ ሰሌዳው ላይ እየጠቆመች።

«አባባ አትበይኝ። ገና አርባ ሦስቴን አልጨረስኩም።»

«እሺ፣ ወንድም ጋሼ። ይቺስ?»

«እሷን አላውቃትም።»

«አማት የመጣችብህ ይመስል አትኮሳተር» አለችኝ ከጎኔ ያለች የበርበሬ ነጋዴ። «መ ናት። የእኔ ልጅ እንኳ ታውቃታለች።»

ጆሮዬ የሰማውን ሁሉ ስለሚይዝ መጀመሪያ አታለልኳቸው። ሰሌዳውን ሳላይ ሁሉንም በቃሌ እላቸው ነበር። አስተማሪዋ ነቃችብኝ፤ ከታች ወደ ላይ ጠየቀችኝ። ያኔ ሁለተኛ ጊዜ በጀርባዬ ወደቅሁ። ሁለት ክረምት ፈጀብኝ። በመካከሉ በበጋ እየተመለስኩ በሬ ሆንኩ፤ ቆዳው ውስጥ ተራችንን ስንጠብቅ ከጎድኑ ላይ በከሰል ፊደል እየጻፍኩ አጠናሁ። የፊቱ «ምንድን ነው የምትጭረው?» ሲለኝ «ያሳክከኛል» እለዋለሁ።

ሁለተኛው ክረምት ወጥቶ መስቀል ሰሞን፣ ቤቴ በር ላይ በርጩማ አውጥቼ ያኔ የተሰጠኝን የደብዳቤውን ቅጂ ዘረጋሁ። እያንዳንዷን ቃል እየረገጥኩ ሄድኩ። እንዲህ ይላል፦ «በቡሬ በተፈጠረው ችግር ምክንያት፣ የተሰደቡትን ቤተሰብ በሽማግሌ ይቅርታ ጠይቆ እርቅ እስኪያወርድ ድረስ፣ ለጊዜው ከአዝማሪነት ድርሻው ተነሥቶ በበሬነት ድርሻ እንዲሠራ ተስማምቷል።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከሦስተኛው በኋላ ማንበብ መማሬን ጠላሁት።

የፊቱን ጋሪዎች የሚቆሙበት አካባቢ አገኘሁት። ወረቀቱን ደረቱ ላይ ለጠፍኩበት።

«ይህን ታውቃለህ?»

«ማን የማያውቀው አለ? ሁለት ወር ቢሮው በር ላይ ተለጥፎ ከረመ አይደል። አንተም ፊቱ ቆመህ ስታነበው አይቼሃለሁ።»

መቆሜ እውነት ነው።

«ታዲያ ሂድና ታረቅ ብሎ አንድ ሰው አፉን አይከፍትም?»

«እልኸኛ ነህ ብለን ነዋ! 'ወንድ ነው፤ በሬ ሁኖ ይሞታል እንጂ ለነጋዴ አንገቱን አይደፋም' እያልን ስናደንቅህ ነው የከረምን። ዳይሬክተሩ ሳይቀር 'ክብር ያለው ሰው ነው' ይልሃል።»

«አንገቴንማ ሁለት ዓመት ደፍቼው ነበር» አልኩ፣ «ከቂጥህ ሥር።»

ማንበብ አልችል እንደነበር ነገርኩት። መሳቅ ጀመረ፤ ጋሪ ነጂዎቹ እስኪከቡን ድረስ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ጥፋቱ የማን ነው? እኔ አሁንም የእነሱ ነው እላለሁ። ይሉኝታ ይዟቸው ሰው ቆዳ ውስጥ ሲበሰብስ ያያሉ። የእኔም ነው፤ እሱን ግን ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው።

የነፍስ አባቴን ይዤ፣ ቡሬ ላይ ሁለት ሽማግሌ ጨምሬ ሄድኩ። እንደ አገሩ ደንብ ድንጋይ ተሸክሜ ነው የምቀርበው። ከመንገድ ዳር አንድ ትልቅ አነሣሁ።

«ቀለል ያለ ምረጥ ልጄ» አሉኝ አንደኛው ሽማግሌ። «ቤታቸው ዳገት ላይ ነው።»

«ጥፋቴ ከባድ ነው፣ አባቴ።»

«ጥፋትህስ ይሁን። ደረቱን ይዞት መንገድ ላይ ቀረ ቢባል እኛ ነን የምንጠየቀው።»

ቀለል ያለ አነሣሁ። ነጋዴው በሩ ላይ ተቀበለን። ድንጋዩን በአንገቴ ላይ እንደያዝኩ ተንበረከክሁ። ሰውየው ትንሽ አየኝና፣ «አውርደው» አለኝ። «እኔ ያን ዕለት ተናደድኩ፣ መኪናዬን አስነሥቼ ሄድኩ፣ በረደልኝ። ግን አባቶቼ፣ የመጣችሁት ከተሳሳተ ሰው ጋ ነው። ጋን ሥር ያለቀስኩት እኔ አይደለሁም። እሷ ናት።»

ሚስቱ ከጓዳ ወጥታ ደፉ ላይ ቆመች።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። ስለ እመቤታችን ብለው ይቅር ይበሉኝ።»

«በሬ ሁኖ ከረመ ሲሉ ሰማሁ። ስንት ዓመት?»

«ሁለት።»

«አንተስ ቆዳ ለብሰህም ቢሆን አገር ለአገር ዞረሃል። እኔ ሁለት ዓመት ገበያ አልወጣሁም። ቤተ ክርስቲያን ሰው ሳይሰበሰብ ገብቼ ሰው ሳይበተን ነው የምወጣው። የማርያም ማኅበር ተራዬ ሲደርስ ታመምኩ እያልኩ ለሌላ ሰው አሳለፍኩ። ግጥሙን ሕፃናት እያሉት በደጄ ያልፋሉ። ሌላ ሰው ቢዘፍነው በሳምንቱ ይረሳ ነበር። አንተ ነህ እንዳይረሳ አድርገህ የዘፈንከው።»

ድምፄን እንዲህ ያሞገሰኝ ሰው የለም። እንዲህም አድርጎ የቀበረኝ የለም።

«ዛሬ ይቅር አልልህም» አለች። «ቀኑ ሲደርስ እኔው እልክባችኋለሁ። አባቶቼ፣ እናንተ ግቡ፣ እህል ቅመሱ። እሱ ይሂድ።»

ሽማግሌዎቹ ገብተው በሉ። እኔ ከድንጋዬ ጋር ውጭ ተቀመጥኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማን በደለኝ ስል ነበር፤ ያን ሁሉ ጊዜ እዚያው ከመድረኩ ሥር ፊቷን በነጠላዋ የሸፈነችውን ሴት አንድ ቀን እንኳ አስቤያት አላውቅም። ብዙ ነገር በቃሌ የምይዝ ሰው ነኝ፤ እሷን አልያዝኩም።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ደግመን ሄድን። «ገና ነው» ብላ መለሰችን። በሬነቴን ቀጠልኩ። አሁን ግን የሚያልቅበትን ስለማውቅ ይሁን ምን፣ ዳይሬክተሩ «ጭራው ዘንድሮ ነፍስ ዘርቷል» አለ።

በሦስተኛው እሷው ላከች፤ ከነፍስ አባቴና ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄድኩ። የማርያም ማኅበር ዕለት ነው፤ ተራው የእሷ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያዋ። የሰኔ ጾም ገብቶ ስለነበር ድግሱ ሽሮና ክክ ነው። ቤቱ በሴቶች ሞልቷል። ማሲንቆዬን ይዤ ነበር፤ ግጥም አምጣ ብትለኝ ብዬ መንገድ ሙሉ ውዳሴ ስገጣጥም ነው የመጣሁት።

«እሱን በር ላይ አስቀምጠው» አለችኝ። «ዛሬ አንተ አትዘፍንም። ቁጭ ብለህ ስማ።»

ከሴቶቹ መሐል ቆማ ተናገረች። «ጠላ አነሰ ተብሎ ተዘፈነብኝ። አላነሰም። ስድስት ጋን ነው የጠመቅሁ። ሁለቱ ጋኖች ከሥር ተሰንጥቀው ነበር፤ ጧት ብነሣ ባዶ ናቸው። አላነሰም፤ መሬት ጠጣው። ያለቀስኩት ለዚያ ነው።»

«ምነው ታዲያ እስከ ዛሬ!» አለች አንዷ ባልቴት። «ሁለት ዓመት ሙሉ ሰስታ ነው እያልን!»

«ማን ጠየቀኝ? ሁሉ ይዘፍናል እንጂ።»

ባሏ ከጥግ ቀና አለ። «ተሰንጥቀው ነበር እንዴ?»

«ነበር።»

«እኔንስ ምነው አልነገርሽኝ?»

«ጋኖቹን ርካሽ ናቸው ብለህ የገዛሃቸው አንተ ነህ። ሠርግ መሐል ላዋርድህ?»

ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው ሊችሉት ሞከሩ፣ አልቻሉም። እሷም ሳቀች። ባሏ ግራ ቀኝ አይቶ፣ ሌላ መኪና አጥቶ፣ አብሮ ሳቀ። እኔ ለመሳቅ ፈቃድ ስላልተሰጠኝ መሬት መሬት አየሁ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ተነሥ። ይቅር ብዬሃለሁ። አባ፣ እግዚአብሔር ይፍታህ ይበሉት።» የነፍስ አባቴ ጸሎት አድርሰው በመስቀላቸው ዳበሱኝ። አንደኛው ሽማግሌ ስልካቸውን አውጥተው እዚያው ለዳይሬክተሩ ደወሉለት፤ «ወርዷል፣ እርቁ ወርዷል» ሲሉት ሰማሁ። «ከነገ ጀምሮ አዝማሪ ነዎት ብሏል» አሉኝ። ሁለት ዓመት ከሦስት ወር የፈጀው ነገር በአንድ ስልክ አለቀ፤ ማክሰኞ፣ ግንቦት 21 ቀን 2010 ዓ.ም.።